ጂቲኤ 5፦ 50ው ድልድይ፣ 15ቱ ናይፍ ፍላይት እና ከአየር ላይ የሚለቀሙ የተደበቁ ዕቃዎች (ስቶሪ ሞድ)

ቀበና_በራሪ

ሰላም ለመድረኩ። «ድልድዩ 43 ላይ ቆመብኝ»፣ «ናይፍ ፍላይት አልቆጥር አለኝ»፣ «የጠፈር መንኮራኩሩን ክፍል ከየት ልጀምር» የሚሉ ጥያቄዎች በየቦታው ተበትነዋልና እዚህ እንሰብስባቸው። የማወራው ስለ ጌሙ ስቶሪ ሞድ (ብቻችሁን ስለምትጫወቱት ታሪክ ያለው ክፍል) ብቻ ነው፤ ኦንላይኑ የራሱ ክር ይከፈትለት።

መጀመሪያ ቁጥሩን እናጥራ። አንደር ዘ ብሪጅ (በድልድይ ሥር መብረር) 50 ነው፣ ናይፍ ፍላይት (በክንፍ ቆሞ በሕንፃዎች መካከል መብረር) 15። ጌሙን 100 ፐርሰንት ለመሙላት ግን 25 ድልድይና 8 ናይፍ ፍላይት ይበቃል። 50ውንም 15ቱንም መጨረስ ያለበት ክሎዝ ሼቭ የሚባለውን ትሮፊ (የጌሙን ሽልማት) የሚፈልግ ሰው ነው። የተደበቁት ዕቃዎች ላይ እንዲህ ያለ ቅናሽ የለም፤ የደብዳቤ ቁራጭ 50 ከ50፣ የመንኮራኩር ክፍል 50 ከ50 ካልሆነ 100 አይሞላም። ጊዜ የሚያጥረው ሰው ድልድዩን እግማሽ ላይ ትቶ ወደ ለቀማው ይሂድ።

ካርታው ላይ ድልድዮቹም ክፍተቶቹም ምልክት የላቸውም። በትክክል ስታልፍ ብቻ ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ይወጣል። አንዴ የተቆጠረ ድልድይ ሥር ደግሞ ማለፍ ምንም አይጨምርም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ደስ ያለውን ድልድይ እያየ ይበራል፣ አይመዘግብም፣ መጨረሻ ላይ 7 ድልድይ ቀርቶት የቱ እንደቀረ አያውቅም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በመስመር ሂዱ። የኔ አካሄድ ይህ ነው፦ ወደቡ ላይ ካለው ትልቅ ተንጠልጣይ ድልድይ መጀመር፣ ከዚያ የሎስ ሳንቶስን የኮንክሪት ወንዝ ይዞ ሽቅብ ወደ ከተማው፣ ቀጥሎ የፍሪዌይ ማቋረጫዎቹ፣ ከዚያ ገጠሩ፣ በመጨረሻ ሬቶን ካንየን። ወረቀት ላይ አምስት ዓምድ አስምሩና እያንዳንዱን ያለፋችሁበትን ድልድይ ጻፉ። ሥራው እንደ ዕቁብ መዝገብ አሰልቺ ነው፣ ግን መጨረሻ ላይ ታመሰግኑኛላችሁ።

በምን ልብረር ለሚለው፦ ለድልድይ ትንሽ ሄሊኮፕተር፣ ለናይፍ ፍላይት ማላርድ (ትንሿ የትርኢት ፕሌን)። ላዘር የምትባለዋ የጦር ጄት ለሁለቱም አትሆንም፤ ፍጥነቷ ድልድዩን አይታችሁ ሳታበቁ ግድግዳው ላይ ታደርሳችኋለች። ኩባን 800ም ሁለት ሞተር ያለው ሰፊ ክንፍ ነው፣ ለጭነት ይሁን።

ሰፈረ_ሰላም

ሄሊኮፕተር ይቆጠራል እንዴ? ፕሌን ብቻ ነው ብለው ነበር የነገሩኝ።

ዳላስ_ላይ_ነኝ

ይቆጠራል ወንድሜ። ድልድይ በፕሌንም በሄሊኮፕተርም ይሆናል። ፕሌን ግዴታ የሆነው ናይፍ ፍላይት ላይ ነው፤ ሄሊኮፕተር በክንፉ መቆም አይችልማ።

ቀበናን የማሟላው በአንድ ነገር ነው። ሰው ሄሊኮፕተር ቀላል ነው ብሎ ሥሩ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ሊሾልክ ይሞክራል። ችግሩ እዚያ ነው የሚጀምረው። ስትቆም አፍንጫው ወደ ላይ ይነሣል፣ ጅራቱ ይወርዳል፣ የኋላው መዞሪያ ውኃ ወይም ኮንክሪት ይነካል። የኋላው መዞሪያ ከተበላሸ ሄሊኮፕተሩ እንደ እንዝርት ይሾራል፣ ማዳኛ የለውም። ስለዚህ ከፍታህን ድልድዩ ጋ ከመድረስህ ብዙ ቀድመህ አስተካክል፣ አፍንጫውን ትንሽ ደፋ አድርገህ በመካከለኛ ፍጥነት ሳትቆም እለፍ። ወደ ፊት የሚሄድ ሄሊኮፕተር ከቆመው ይልቅ ቀጥ ይላል።

ዝቅተኛ ድልድይ ሲሆን ዓይንህን ከላይ ካለው ጣሪያ ሳይሆን ከታች ካለው መሬት ላይ አድርግ። የሚሽከረከረው ክንፍ ከካሜራው በታች ስለሚታይ ጣሪያው ሁልጊዜ ከሚመስለው የራቀ ነው። መሬቱ ነው የሚያታልልህ።

ደግሞ መሬት እየነኩ ማለፍ ዋጋ የለውም፤ መብረር አለብህ። ፕሌን በጎማ እየነዱ ድልድይ ሥር የሚያልፉ ልጆች አይቻለሁ፣ ነዳጅ ማባከን ነው።

ሚሚ_ጌመር

በላፕቶፕ ነው የምጫወተው፣ ከጎን ያለው የቁጥር ሰሌዳ የለውም። ፕሌኑን ማዘንበል አልቻልኩም፣ ከላይ ያሉት ቁጥሮችም አይሠሩም። ጆይስቲክ ካልገዛሁ አይሆንም ማለት ነው?

ቀበና_በራሪ

ይሆናል ሚሚ። በኮምፒውተር ላይ መነሻው እንዲህ ነው፦ ደብሊው ጉልበት ይሰጣል፣ ኤስ ይቀንሳል፣ ኤ እና ዲ ራደር ናቸው (አፍንጫውን ግራና ቀኝ ያዞራሉ)፣ ጂ ጎማ ያስገባል ያስወጣል። አፍንጫ ማንሻና መድፊያው 5 እና 8፣ ማዘንበያው 4 እና 6፣ ግን የቁጥር ሰሌዳው ላይ ያሉት ብቻ ናቸው፤ ከላይ ያለው መደዳ መሣሪያ መቀየሪያ ነው። ሴቲንግ ውስጥ የቁልፎች ማስተካከያ ገብተሽ የአውሮፕላኑን ክፍል ፈልጊና አራቱን ወደ አይ፣ ኬ፣ ጄ፣ ኤል አዛውሪያቸው። ግራ እጅሽ ጉልበትና ራደር፣ ቀኝ እጅሽ ማዘንበልና አፍንጫ ይይዛል። ሌላ ሥራ ላይ ያለ ቁልፍ ከመረጥሽ ጌሙ ግጭት እንዳለ ያሳይሻል፣ ያኔ ሌላ ቁልፍ ምረጪ።

ሄሊኮፕተሩም በእነዚሁ ቁልፎች ነው የሚያዘነብለው፤ ደብሊው ወደ ላይ፣ ኤስ ወደ ታች ይሆናሉ።

አንድ ምክር፦ ቁልፍ ሰሌዳ ላይ መሐል የሚባል ነገር የለም፣ ወይ ተጭነሻል ወይ ለቀሻል። ስለዚህ ቁልፉን ይዘሽ አትቆዪ፤ ጠቅ ጠቅ እያደረግሽ ብረሪ። ጆይስቲክ ያለው ሰው ስቲኩን ሩብ ገፍቶ የሚያገኘውን አንቺ በሦስት አጭር ጠቅታ ታገኚዋለሽ።

ሚሚ_ጌመር

ሠራ! ተባረክ። አሁን የቀረኝ ናይፍ ፍላይቱ ነው፣ እሱን ማነው የሚያስረዳ?

ሰያፍ_ክንፍ

እኔ ልሞክር። ረዘም ይላል፣ ግን የዚህ ክር አስቸጋሪው ክፍል ይሄ ስለሆነ በደንብ እንየው።

ናይፍ ፍላይት ማለት ፕሌኑን በ90 ዲግሪ አዘንብለህ፣ አንዱ ክንፍ ሰማይ አንዱ ክንፍ መሬት እያየ፣ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ማለፍ ነው። ክፍተቶቹ ከተማው መሐል፣ ፎቆቹ በተጨናነቁበት አካባቢ ይበዛሉ። ብዙ ሰው የሚወድቀው ማዘንበል ስላቃተው አይደለም። አዘንብሎ ሲያበቃ ስቲኩን ወደ ራሱ ስለሚስብ ነው።

ምክንያቱን እዩት። ፕሌኑ ቀጥ ብሎ ሲበር ስቲኩን ስትስብ አፍንጫው ወደ ሰማይ ይሄዳል። በክንፉ ሲቆም ግን የፕሌኑ «ላይ» የሚባለው ጎን አሁን ወደ ግድግዳው ዞሯል። ስቲኩን ከሳብክ ፕሌኑ ከፍ አይልም፣ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ይታጠፋል። ልጁ አፍንጫው ሲወርድበት ይደነግጣል፣ ይስባል፣ ያበቃል። ከፍታ የሚይዝልህ ራደሩ ነው። ወደ ግራ ካዘነበልክ ሰማዩ በቀኝህ ስለሆነ በጆይስቲክ አር1 ያዝ (በኮምፒውተር ዲ)። ወደ ቀኝ ካዘነበልክ ኤል1 (በኮምፒውተር ኤ)። ባጭሩ፦ ከወረደው ክንፍ በተቃራኒ።

አሁን በተራ፦

ሀ) ክፍተቱን በሩቁ ምረጥ። ቢያንስ ሁለት ሦስት የመንገድ መስቀለኛ ርቀት ላይ ሆነህ ክንፍህን ቀጥ አድርገህ ከክፍተቱ ማእከል ጋር ተሰለፍ። ካዘነበልክ በኋላ ግራ ቀኝ ማስተካከል ከባድ ነው፤ ቀድመህ ያልተሰለፍክበትን በኋላ አትሰለፍም። ጥርጣሬ ከገባህ ጎትተህ ውጣና ዙር።

ለ) ጉልበቱን ሙሉ አትስጥ። ማላርድ በግማሽ ጉልበትም አትወድቅም። ሙሉ ከሰጠህ የማዘንበያ ጊዜ ያጥርሃል፣ በጣም ከቀነስክ ደግሞ አፍንጫዋ ቶሎ ይወርዳል። ትንሽ ከመሐል በላይ ያዝ።

ሐ) ከፍታህን ከምትፈልገው ትንሽ ከፍ አድርገህ ግባ። በክንፍ ስትቆም ከፍታ መቀነስህ አይቀርም፤ ራደሩ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ግን ከሕንፃው ጣሪያ በላይ ሆነህ ካለፍክ አይቆጠርም፣ መሐል ለመሐል መሆን አለበት።

መ) ግድግዳው ሊደርስ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ሲቀር አዘንብል፣ 90 ላይ ስቲኩን ልቀቅ፣ ራደሩን ያዝ፣ ሌላ ምንም አትንካ። ምንም።

ሠ) ከክፍተቱ ስትወጣ ወዲያው መታጠፍ ካላስፈለገህ መጀመሪያ ክንፉን መልስ፣ ከዚያ ሳብ። ቅደም ተከተሉን ካገላበጥክ ቀጣዩ ሕንፃ ይጠብቅሃል። ከመግባትህ በፊት ከክፍተቱ ማዶ ምን እንዳለ አንዴ ከላይ በርረህ እይ፤ ግማሾቹ ክፍተቶች መግቢያቸው ቀላል ነው፣ ችግሩ መውጫቸው ፊት ሌላ ፎቅ መቆሙ ነው። ብዙ ጊዜ በተቃራኒው አቅጣጫ መግባት ይቀላል፣ ከሁለቱም በኩል ይቻላል።

አልቆጥር የሚለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማዘንበሉ ስላልሞላ ነው። 60 እና 70 ዲግሪ በዓይን 90 ይመስላል። ካሜራውን ቀጥታ ከኋላ አድርጉትና ክንፉ ከሕንፃው ጠርዝ ጋር ትይዩ መሆኑን እዩ።

ሰፈረ_ሰላም

«ምንም አትንካ» የምትለዋን በትልቁ ጽፌ ስክሪኑ ላይ ልለጥፋት ነው 😂

ግን በፍራንክሊን (ከጌሙ ሦስት ገጸ ባሕርያት በአንዱ) ስበር ፕሌኑ ዝም ብሎ ይንቀጠቀጣል፣ ስቲክ ሳልነካ እንኳ ይወዛወዛል። ጆይስቲኩ ነው?

ዳላስ_ላይ_ነኝ

ጆይስቲኩ አይደለም፣ ፍራንክሊን ነው። የበረራ ችሎታው ዝቅ ያለ ገጸ ባሕርይ ሲያበር ፕሌኑ ይናወጣል፣ አየሩ ከከፋ ይብሳል። በረራ ላይ ከሦስቱ የሚበልጠው ትሬቨር ነው። ናይፍ ፍላይቱን በትሬቨር ጨርሰው። ደግሞ ዝናብና ነጎድጓድ ካለ አትልፋ፤ ሂድና ተኛ፣ ሰዓቱ ያልፋል።

በፍራንክሊን ወይም በማይክል ካላበረርኩ ካልክ የሎስ ሳንቶስ ኤርፖርት አጠገብ ያለው የበረራ ትምህርት ቤት ችሎታቸውን ያሳድገዋል። ለተማረው ሰው ብቻ ነው የሚጨመረው፣ ትሬቨር ተምሮ ፍራንክሊን አይሻሻልም።

ማላርድ_ወዳጅ

የበረራ ትምህርት ቤቱ ከተነሣ፦ ትምህርቱ 12 ነው። ለ100 ማለፉ ይበቃል፤ በትርፍ ጊዜ ጨዋታዎቹ ሁሉ ወርቅ የሚጠይቀውን መልቲ ዲሲፕሊንድ የተባለ ትሮፊ ለሚፈልግ ግን 12ቱም ወርቅ መሆን አለባቸው። ሰው የሚቸገርባቸውን ብቻ ልንካ።

ተገልብጦ መብረር፦ ስትገለበጥ ስቲኩም ይገለበጣል። አፍንጫው ወደ መሬት ሲወርድ ለማንሳት ስቲኩን ወደ ፊት ትገፋለህ እንጂ አትስብም። እጅ ይህን ቶሎ አይቀበልም። ስለዚህ ከመገልበጥህ በፊት ትንሽ ከፍታ ውሰድ፣ አፍንጫውን በመጠኑ ቀና አድርገህ ገልብጥ፣ ወዲያው በትንሹ ግፋ። ሳይወርድ ቀድመህ ከገፋህ ትልቅ እርማት አያስፈልግህም።

ሉፕ (በአየር ላይ ሙሉ ክብ መዞር)፦ ሙሉ ፍጥነት ሳትይዝ አትጀምር። ስቲኩን ቀጥታ ወደ ኋላ ሳብ፤ አውራ ጣትህ ትንሽ ወደ ጎን ካዘነበለ ከላይ ስትደርስ ጠምዛዛ ሆነህ ትወጣለህ። ቁልፍ ሰሌዳ የያዙት እዚህ ከኛ ይሻላሉ፤ አንድ ቁልፍ ይዞ መቆየት ነው።

ማረፍ፦ ማላርድ ጎማዋ አይታጠፍም፣ ስለዚህ የጎማ ቁልፍ አትፈልግ (ሌሎቹ ላይ ኤል3 ነው፣ ይህን የሚረሳ ሰው በሆዱ ያርፋል)። ወርቁን የሚያሳጣው ከፍ ብሎ መምጣት ነው። ከፍ ብለህ ስትመጣ አፍንጫ ትደፋለህ፣ ስትደፋ ፍጥነት ይጨምራል፣ ፍጥነት ስላለህ ፕሌኑ ማረፊያው ላይ እየተንሳፈፈ ምልክቱን ያልፋል። መድኃኒቱ በሩቁ ጉልበት መቀነስ ነው፦ ማረፊያው ፊት ለፊትህ ሲታይ ኤል2 (ጉልበት መቀነሻውን) ንካ፣ ዝቅ ብለህ ና፣ ጎማው ሊነካ ሲል አፍንጫውን ትንሽ አንሣ። ከነካህ በኋላ ኤል2 ያዝ።

የሄሊኮፕተር ውድድሩ፦ ነጥብ ወደ ነጥብ ስትሄድ ከፍታ አትቀያይር። ከፍ ዝቅ ማለት ነው ሰከንዱን የሚበላው። ወደ ነጥቡ ከመድረስህ በፊት አፍንጫውን ወደ ቀጣዩ ማዞር ጀምር።

በጃንጥላ መውረድ፦ ዒላማውን ቀጥታ አትከተል፣ ትንሽ አልፈኸው ተመለስ። መጨረሻ ላይ ኤል1 እና አር1 አንድ ላይ ስትይዝ ይዘገያል፣ ለትክክለኛ ማረፍ የተሠራ ነው። ከፍ ብለህ ከያዝከው ግን ከዒላማው ሳትደርስ ቀድመህ ትወርዳለህ።

ሰያፍ_ክንፍ

ሁሉም ልክ ነው፤ የምጨምረው ተገልብጦ መብረሩ ላይ ነው። ቀጥ ብለህ ለመቆየት አትጣር። ትንሽ ወደ ላይ እየወጣህ ብትገለበጥ የምትወርድበት ቦታ አለህ።

ዶሚኖ_22

ለቀማው ጋ ማንም አልደረሰም፣ እኔ ልጀምረው።

የደብዳቤ ቁራጭ 50፣ የመንኮራኩር ክፍል 50። ደብዳቤውን ከጨዋታው መጀመሪያ አንሥቶ በሦስቱም ሰው መልቀም ይቻላል፣ ቁጥሩ የጋራ ነው። የመንኮራኩሩ ክፍል ግን ፍራንክሊን በረሃው ላይ ኦሜጋ የሚባለውን ሰውዬ ሳያገኝ አይታይም። ያንን ሳያደርጉ ካርታ ከኢንተርኔት አውርደው ቦታው ላይ ቆመው «የለም» የሚሉ ብዙ ናቸው። መጀመሪያ ኦሜጋን አግኙ፣ ከዚያ ማንም ይልቀም።

ለምን በሄሊኮፕተር? ሁለቱም ዓይነት ዕቃ ግማሹ ጣሪያ፣ ገደል አፋፍ፣ ተራራ ጫፍ፣ ማማ ላይ ነው ያለው። በመኪና ሄዶ መሰላል ፍለጋ ከመዞር ጣሪያው ላይ ማረፍ ይሻላል። ሄሊኮፕተር ያለው ሰው መንገዱን በክልል ከፍሎ ደብዳቤውንም መንኮራኩሩንም አንድ ላይ ይልቀም። ሁለቴ መዞር ሞኝነት ነው።

አንሺው እግሩ መሬት ላይ መሆን አለበት፣ ከሄሊኮፕተሩ መውረድ ግድ ነው። ትንሽ ጣሪያ ላይ ስታርፉ ከዳር አትሁኑ፤ ሰውዬው የሚወርደው በአብራሪው በር በኩል ነውና በግራ ጎን ቦታ ተዉለት። ይህን ያልጠበቀ ሰው ዕቃውን እያየ 20 ፎቅ ይወርዳል። መንሸራተት ለሚፈራ ጃንጥላ መልበስ ጥሩ ነው። ሄሊኮፕተሩ ላይ ጃንጥላ ካለ ስትገቡ በራሱ ይሰጣችኋል።

የመንኮራኩሩ ክፍል ስትቀርቡ ድምፅ አለው። የሬዲዮውን ድምፅ ዝጉ፣ ከሄሊኮፕተሩ ውረዱና አዳምጡ። ደብዳቤው ብርሃን ብልጭ ይላል፣ ማታ ይበልጥ ይታያል፤ ቀን ጠራራ ፀሐይ ላይ አሸዋ ውስጥ ወረቀት መፈለግ ዓይን ማጥፋት ነው።

መንኮራኩሩን ጨርሳችሁ ለኦሜጋ ስታስረክቡ ስፔስ ዶከር የምትባል መኪና ትሰጣላችሁ፣ ፍሮም ቢዮንድ ዘ ስታርስ የሚለው ትሮፊም አብሮ ይመጣል። ደብዳቤው ሲሞላ ፍራንክሊን የሊዮኖራ ጆንሰንን ገዳይ ፍለጋ ይሄዳል።

ሚሚ_ጌመር

ማታ እስኪሆን መጠበቅ አለብኝ ወይስ ሰዓቱን መቀየር ይቻላል?

ዶሚኖ_22

አልጋ ላይ ተኚ። ማይክል ሲተኛ 6 ሰዓት፣ ፍራንክሊን 8፣ ትሬቨር 12 ሰዓት ይነጉዳል። ሴቭም ያደርጋል። የጌሙ አንድ ሰዓት በኛ 2 ደቂቃ ስለሆነ አንድ ሌሊት ሙሉ ለመልቀም የሚበቃሽ ጊዜ 20 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ክልሉን ወስነሽ ተነሺ።

ሰፈረ_ሰላም

ማላርድ ከየት ነው የሚገኘው? ትምህርት ቤቱ ያለችዋን ይዤ ልጠፋ ሞክሬ አልሆነም።

ማላርድ_ወዳጅ

ስልክህ ላይ ኢንተርኔት ግባ፣ ኤሊታስ ትራቭል የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ይሸጣል፣ ሃንጋርህ (የፕሌን ማቆሚያህ) ላይ ያስቀምጡልሃል። ትሬቨር ሳንዲ ሾርስ ላይ ማረፊያ አለው፣ ማኬንዚ ያለውን ማረፊያ ደግሞ በ150,000 ዶላር ይገዛል። ማይክልና ፍራንክሊን ኤርፖርቱ ላይ ሃንጋር ከፈለጉ 1,378,600 ነው፣ ውድ ነው። ለሄሊኮፕተር ብቻ ከሆነ ቬስፑቺ ያለው ማረፊያ 419,000 ነው፣ ለለቀማው ከበቂ በላይ ነው።

ገንዘብ የሌለው ሰው ለልምምድ ኮድ (ቺት) ይጠቀም። ስልኩ ላይ 1-999-2276-78676 ብትደውል ማላርድ ፊትህ ትወጣለች (ሰፊ ሜዳ ላይ ሆነህ ደውል)፤ 1-999-2899-633 ባዛርድ ሄሊኮፕተር ነው። በስልክ የሚሠራው ፕሌይስቴሽን 4፣ ኤክስቦክስ ዋንና ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ፕሌይስቴሽን 3 ላይ በጆይስቲክ ቁልፎች ነው የሚገባው።

ዳላስ_ላይ_ነኝ

ቆይ፣ እዚህ ላይ በትልቁ መጻፍ ያለበት ነገር አለ፦ ኮድ ከተጠቀማችሁ በዚያ ሰዓት ትሮፊ አይሰጥም። 50ኛውን ድልድይ በኮድ በመጣች ማላርድ አልፎ ክሎዝ ሼቭ ቀረብኝ ብሎ የሚጮኽ ሰው በየመድረኩ አለ። ከኮዱ በፊት ሴቭ አድርጉ፣ ተለማመዱ፣ ከዚያ ያንን ሴቭ እንደገና ጫኑና እውነተኛውን በተገዛ ወይም በተሰረቀ ፕሌን ሥሩ።

ስለ መስረቅ ካነሣን፦ ፎርት ዛንኩዶ (የጦር ሰፈሩ) አየር ክልል ስትገቡ ወዲያው 4 የተፈላጊነት ኮከብ ነው። ከዚያ ወንዝ አጠገብ ያሉት ድልድዮች ላይ የሚወድቀው ሰው ድልድዩን ገጭቶ ሳይሆን መስመር አልፎ ነው። ከባሕሩ ጎን ዝቅ ብላችሁ ግቡ፣ በመጣችሁበት ውጡ፣ ወደ ሰፈሩ አትታጠፉ።

ፒያሳ_ፕሌይ

ጌም ቤት ለሚጫወቱ ልጆች አንድ ነገር። መብራት ድንገት ሲሄድ የሚጠፋው ሥራ ያናድዳል። የጌሙ ስልክ ላይ ኩዊክ ሴቭ (ፈጣን ማስቀመጫ) አለ፣ አልጋ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፣ ከሄሊኮፕተሩ ወርዳችሁ ሰከንድ ነው የሚፈጀው። በየሦስት ዕቃው፣ በየሁለት ድልድዩ አድርጉ። ናይፍ ፍላይት ከመሞከራችሁ በፊትም አድርጉ፤ ስትሞቱ የሆስፒታል ይቆረጣል፣ ማላርዷም ከሩቅ ነው የምትመጣው፣ ሴቩን መልሶ መጫን ይፈጥናል። ሜሞሪው የጋራ ከሆነ ደግሞ የራሳችሁን የሴቭ ቁጥር ያዙ፤ ሌላው ልጅ ላዩ ላይ ይጽፍበታል።

ሰፈረ_ሰላም

ዩፎው (በራሪ ሳህኑ) እውነት ነው? ቺሊያድ ተራራ ላይ ዝናብ ሲዘንብ ሁሉ ወጥቼ አላየሁም።

ዶሚኖ_22

እውነት ነው፣ ግን 100 ሳይሞላ በከንቱ ነው የምትወጣው። 100 ከሞላ በኋላ ከሌሊቱ 9 ሰዓት (የጌሙ ሰዓት 3:00 ሲል)፣ አየሩ ዝናብና ነጎድጓድ ሲሆን፣ የኬብሉ ማማ አናት ካለው መመልከቻ ላይ ሆነህ ነው የሚታየው። ሰዓቱን በመተኛት አቅርበው፦ ማይክልን ተጠቀም፣ 6 ሰዓት ስለሆነ ለማስተካከል ይመቻል። አየሩን 1-999-625-348-7246 እየደወልክ መቀያየር ትችላለህ፣ ያኔ ትሮፊ የሚያሳስብህ ነገር የለም።

ሌላው ፎርት ዛንኩዶ በላይ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፈው ነው። እሱን በሄሊኮፕተር ስትጠጋው ሞተሩ ይጠፋል። ስለዚህ ጃንጥላ ሳትይዝ አትሂድ፣ ከታች ያለው ደግሞ የጦር ሰፈሩ ነው። ሳንዲ ሾርስ አካባቢ ሂፒዎቹ ሰፈር ላይም አንድ አለ። 100 የማይጠይቀው ከፓሌቶ ቤይ ሰሜን ባሕር ሥር የሰጠመው ነው፤ እሱ የባሕር ሰርጓጅ ሥራ ነው፣ የዚህ ክር ጉዳይ አይደለም።

ሚሚ_ጌመር

ድልድዩ 48 ላይ ቆሟል። ወረቀት አልያዝኩም፣ አውቃለሁ፣ አትቆጡኝ። የቀሩትን ሁለት እንዴት ነው የማገኛቸው?

ቀበና_በራሪ

አይቆጡሽም። እንደገና በመስመር መብረር ነው፣ ግን ሁሉንም አይደለም። በፍጥነት ስለሚታለፉ የሚዘነጉት ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛ፣ ጎን ለጎን ያሉ ድልድዮች፦ ባቡርና መኪና ተጠግተው ሲሄዱ እንደ አንድ ታይተው አንዱ ይታለፋል፤ በሁለቱም ሥር ሳትቀጪ አንድ ላይ እለፊ። ሁለተኛ፣ ሬቶን ካንየን ውስጥ ያሉት፦ ትልቁን የባቡር ድልድይ ሰው ያያል፣ ወንዙን ይዞ ያሉትን ትናንሾቹን አያይም። እዚያ ከካንየኑ ሳትወጪ ከውኃው ከፍታ ወርደሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂጂ። ሦስተኛ፣ የፍሪዌይ ማቋረጫዎች፦ ከላይ ሲታዩ መንገድ እንጂ ድልድይ አይመስሉም።

በሄሊኮፕተር ሂጂ፣ ሬዲዮውን ዝጊና ቁጥሩ ሲወጣ አይለፍሽ። 49 ሲል ወዲያው ኩዊክ ሴቭ።

ሚሚ_ጌመር

ካንየኑ ውስጥ ነበሩ ሁለቱም። የእንጨቷን ድልድይ በልቤ መንገድ ነው ያልኳት።

ሰያፍ_ክንፍ

አሁን ናይፍ ፍላይቱ ነው የቀረሽ። ስንት ላይ ነሽ?

ሚሚ_ጌመር

11። 12ኛው ላይ ክንፌ ሁሌ ይነካል፣ ከክፍተቱ ማዶ ፎቅ አለ።

ሰያፍ_ክንፍ

ከዚያኛው ወገን ግቢ። ፎቁን ከኋላሽ አድርገሽ ከጀመርሽ መውጫው ክፍት ነው። ማዘንበያውን ደግሞ መውጫው ወዳለበት አቅጣጫ ምረጪ፦ ስትወጪ ወደ ግራ መታጠፍ ካለብሽ ወደ ግራ አዘንብዪ፣ ያኔ ስትስቢ ፕሌኑ ራሱ ወደ ክፍቱ ቦታ ይወስድሻል።